ጳጉሜን የሌላት አገር

በኅዳር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው የመኪናውን መስኮት ዘግቶም ቢሆን ማስነጠሱ አይቀርም። በርበሬው በየደጁ፣ በየአጥሩ ሥር፣ አንዳንዴም አስፋልቱ ዳር ድረስ በሰሌንና በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተሰጥቶ ይከርማል። አምና ለዘመድ ሠርግ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሳሳቅ እኔ ብቻ አፍንጫዬን ሳልይዝ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ፣ "እርስዎን አይነካዎትም እንዴ?" አለችኝ።

"ለምጄዋለሁ" አልኳት።

እውነቱ ግን እሱ አልነበረም። ለእኔ ያ ሽታ በርበሬ ብቻ አይደለም። ውስጡ የረጠበ ወረቀት አለበት፣ በዝናብ ርሶ ፀሐይ ላይ የተሰጣ የሚያብረቀርቅ የፈረንጅ ወረቀት። ይህንን ለማታውቀኝ ልጅ ከየት ጀምሬ እነግራታለሁ። ዓይኔ ሲያነባ በርበሬው ነው ብላ መስኮቱን ልትከፍትልኝ ተነሣች፤ እኔም አልከለከልኳትም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ከአያቴ ከአባባ ውበቱ ጋር እንኖር ነበር። አባቴን አላውቀውም፣ አያቴም ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እናቴ እናንዬ ደግሞ ሰው አገር ናት። አጎቴ ጋሼ ሙላት ቡሬ እህል ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ ስለሚሠራ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቤታችን ሽማግሌና ልጅ ብቻ የቀሩበት ቤት ነበረች። ወጣችንን የሚሠሩልን ጎረቤታችን እትዬ ቦሰና ነበሩ። እትዬ ቦሰና ሰው ሲሞት ሙሾ የሚያወርዱ፣ አገር የሚያስለቅሱ ሴት ናቸው። በደህናው ቀን ግን እንደሳቸው ተጫዋች አልነበረም። እኔን "ማንጤ" እያሉ ጉንጬን መቆንጠጥ ይወዱ ነበር፤ ሙሉ ስሜ ማንጠግቦሽ ነው።

እናቴ የተሸኘችው ቤሩት ትሄዳለች ተብሎ ነበር። ኋላ አሠሪዎቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቆጵሮስ ወደምትባል ደሴት ሲዛወሩ እሷንም ይዘዋት ሄዱ። ጋሼ ሙላት ይህን ሲነግረን አያቴ ፊታቸው በራ። አባባ ውበቱ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ትምህርቱን ሳይጨርሱት ነው ወደ ሞፈርና ቀንበር የተመለሱት፤ ያም እስከ መጨረሻው ይቆጫቸው ነበር።

"ቆጵሮስ?" አሉ። "የበርናባስ አገር አይደለም ወይ? ጳውሎስም በመርከብ ተሻግሮ ረግጦታል። ቤሩቱን አላውቀው፤ ይኼን ግን ከሐዋርያት ሥራ አውቀዋለሁ። ልጄ ደግ አገር ገባች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሥራ ፍለጋ ሳይሆን ለመሳለም የሄደች መሰለኝ።

የቀን መቁጠሪያው የደረሰን በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። እናቴ በሰው እጅ ልካው፣ ጋሼ ሙላት ከቡሬ ተጠቅልሎ ይዞት መጣ። ሲዘረጋው የክንዱን ያህል ሆነ። ከላይ በቆርቆሮ ተይዞ ማንጠልጠያ አለው፤ ለየወሩ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ ከሥሩ ቁጥሮች። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል። እዚያች አገር ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ምን ምን ማየት እንዳለበት የሚያሳይ ነው አለን ጋሼ ሙላት፣ የፈረንጁን ጽሑፍ እየቆጠረ ካነበበ በኋላ። በጭቃ ግድግዳችን ላይ ምስማር መትቶ ሰቀለልን። አያቴ ሞራ ዓይናቸውን ስለሸፈነው ቀለሙን እንጂ ሥዕሉን አይለዩትም ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን ለሳቸው መናገር የእኔ ሥራ ሆነ።

"ምን ይታያል?" ይሉኛል መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው።

የጥር ወር ሥዕል ሐይቅ ነበር። ውኃው ውስጥ እግረ ረጃጅም ወፎች ቆመዋል፤ ቀለማቸው ሮዝ ነው። እንዲህ ያለ ወፍ አይቼ ስለማላውቅ በርበሬ ላይ ተኝተው የተነሡ ናቸው አልኳቸው። አያቴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በወር አንድ እሑድ ፍኖተ ሰላም ቴሌ እንሄድ ነበር። እናቴ የምትደውልበት ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን፤ ሴትዮዋ የሰው ስም ስትጠራ ሁሉም ብድግ ይላል፣ ከዚያ ያልተጠራው ተመልሶ ይቀመጣል። "ውበቱ፣ ቁጥር ሁለት!" ስትል አያቴ ዱላቸውን ጥለው ነው የሚገቡት። መናገሪያውን መጀመሪያ ለኔ ይሰጡኛል። የእናቴ ድምፅ ከሩቅ ጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

"እማዬ፣ ሮዞቹን ወፎች አይተሻቸዋል?"

"አይቻቸዋለሁ የኔ ዓለም። በቤታችን ላይ ነው የሚያልፉት።"

"የሌላውን ወር ሥዕልስ?"

"እሱን አሁን እንዳትገልጪ። ወር ሲጠባ ነው የሚገለጥ። ወደፊት እንዳታይ፣ ቃል ግቢልኝ። የመስከረሙን እኔ ራሴ መጥቼ ነው የማሳይሽ። ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ።"

ቃል ገባሁ። በዚያ ዕድሜዬ የስኳር ጣሳ ካየሁ ጣቴን ሳልሰድ የማልቀር ልጅ ነበርኩ፤ ያንን የቀን መቁጠሪያ ግን ወደፊት ገልጬ አላየሁም። አንድ ቀን ንፋስ የገጹን ጫፍ ሲያነሣው ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ እትዬ ቦሰናን ጠርቻለሁ፣ መጥተው እንዲያስተኙልኝ። እትዬ ቦሰና ይህን ለመንደሩ ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ።

የካቲት ሲጠባ የተገለጠው ሥዕል አስደነገጠኝ። ተራራ ነው፤ ዛፉም መንገዱም የቤቱ ጣሪያም ነጭ ሆኗል። ለአያቴ ዱቄት የተደፋበት ይመስላል አልኳቸው። ትምህርት ቤት ስጠይቅ መምህራችን በረዶ ነው አለን፤ እኛ አገር እንደሚወርደው ሳይሆን ሳይቀልጥ የሚሰነብት በረዶ። በረዶን አውቀዋለሁ። የባለፈውን ክረምት ቡቃያ አውድሞብናል። እናቴ እዚያ መካከል በነጠላዋ ቆማ ታየችኝና ምግብ አልበላ አልኩ።

አያቴ ለፋሲካ ያሠሩት አዲስ ጋቢ ነበራቸው። ሸማኔውን ጥለቱን አረንጓዴ አድርግልኝ ብለው ለምነው ያሠሩት ነው። ገና አንድ ቀን አልለበሱትም። ሳጥናቸውን ከፍተው አወጡትና ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

"አባባ፣ ለፋሲካ ምን ሊለብሱ ነው?"

"አሮጌው መች አለቀ? ሙላት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ያውቃል፤ ይላክላት። አንቺ ብቻ እህል ቅመሺ።"

በመጋቢት ቴሌ ስንሄድ እናቴ ጋቢው ደረሰኝ አለች። "ለብሼው ነው የማድረው" አለችኝ፤ "የአባባ ሳጥን ሽታ አለው።" ይህን ለአያቴ ነገርኳቸው። ስንመለስ መንገድ ላይ ብቻቸውን ሲያዜሙ ሰማኋቸው።

የመጋቢቱ ሥዕል እንደ ግማሽ ክብ የተደረደረ የድንጋይ ደረጃ ነበር፣ መቶ ሰው የሚያስቀምጥ፣ ፊቱ ባሕር። የሚያዝያው የድመት መዓት የሞላበት ገዳም ነው። አያቴ ስለ ደረጃው፣ "ጳውሎስ ሲያስተምር ሕዝቡ የተቀመጠበት ይሆናል" አሉ። ስለ ድመቶቹ ግን ሐሳብ አልነበራቸውም። እኔ በየሥዕሉ ውስጥ እናቴን ፈልጌያለሁ። የለችም ማለት ግን አይደለም፤ ከደረጃው ኋላ፣ ከገዳሙ በር ውስጥ ናት፣ ሥዕሉን ሲያነሡ ዞር ብላ ነው። እንዲህ ነበር የማምነው። እናቴ በየወሩ አንዱን ቦታ አይታ ወደ ሌላው የምትሄድ፣ በመጨረሻ ሁሉንም አዳርሳ ወደ እኔ የምትመጣ ሰው ነበረች።

ግንቦት ገባ። ግንቦት በእኛ አገር የበርበሬ ችግኝ ወር ነው። ችግኙ መደብ ላይ በጥላ ሥር ይበቅላል፣ ማታና ጠዋት ውኃ ይጠጣል። አያቴ ዓይናቸው ቢደክምም ችግኝን በጣታቸው ነው የሚያውቁት፤ አረሙን ከችግኙ በቅጠሉ ልስላሴ ይለያሉ። አንድ ረቡዕ፣ ገበያም በዓልም ሳይሆን፣ ጋሼ ሙላት ድንገት መጣ። ከእኔ ጋር ሰላምታ እንኳን ሳይጨርስ አያቴን ወደ አጥሩ ይዟቸው ሄደ። ቆመው አወሩ። ጋሼ ሙላት ነው የሚያወራው፤ አያቴ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

ከዚያ አያቴ ተመልሰው መጡ፣ የችግኙ መደብ አጠገብ ተንበረከኩና ማረም ጀመሩ። እኔ በቆርቆሮ ውኃ እያመጣሁ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ የሚነቅሉት አረሙን አይደለም። ችግኙን ነው፣ አንድ በአንድ፣ ከሥሩ እያወጡ ወደ ጎን ያኖሩታል።

"አባባ፣ ችግኙን እኮ ነው የሚነቅሉት።"

እጃቸው ቆመ። "ዓይኔ ነው ልጄ" አሉ። "ዓይኔ ዛሬ እምቢ ብሎኛል።"

ዓይናቸው የባሰበት መሰለኝና አዘንኩ። የነቀሉትን እየሰበሰብኩ መልሼ ተከልኩት፤ ግማሹ ጸደቀ። ጋሼ ሙላት ያን ጊዜ እጄን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝ። የግንቦቱ ሥዕል ፊት አቆመኝ። ጥድ የለበሰ ገደላማ ተራራ ነው፤ ከገደሉ ወገብ ላይ ቀይ ጣሪያ ያለው ገዳም ተሰቅሏል።

"እናትሽ አሁን እዚህ ናት" አለኝ። "አሠሪዎቿ ወደ ተራራው ወጥተዋል። ስልክ የለም፣ እሺ? እሑድ ቴሌ አንሄድም።"

"እስከ መቼ?"

ጋሼ ሙላት ወደ አያቴ ዞሮ አየ። አያቴ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"መስከረም ይጥባ" አሉ።

አሁን ሳስበው ያ ቃል ለኔ አልነበረም። ለልጃቸው የሰጡት ትእዛዝ ነበር። ጋሼ ሙላት ወዲያው እንዲነገረኝ ፈልጎ ነበር፤ እምቢ ያሉት አያቴ ናቸው። "ክረምቱን እንኳን እናቷን እየጠበቀች ትለፈው፤ እኔ እችለዋለሁ" ብለውት ነበር፤ ይህን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በእኛ አገር ልጁ የሞተችበት አባት ጥቁር ይለብሳል፣ ጢሙን ያሳድጋል፣ ድንኳን ጥሎ፣ ከየአገሩ ዘመድ መጥቶለት ያለቅሳል። አያቴ ከግንቦት እስከ ጳጉሜን ይህን ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው፣ ወር በጠባ ቁጥር መደቡ ላይ ተቀምጠው "ምን ይታያል?" ይሉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ እነግራቸው ነበር። እግዚአብሔር ይየኝ፣ እያስዋብኩ ነበር የምነግራቸው።

የሰኔው ሥዕል ባሕር ዳር የቆመ ግንብ ነው፤ መስኮቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም። እስር ቤት መስሎኝ ስፈራ አያቴ፣ "የነገሥታት ግንብ ነው፣ እንደ ጎንደሩ" አሉኝ። እንግዲያው እናቴ ከላይኛው መስኮት ሆና መርከቦቹን ታያለች አልኳቸው። "ታያለች" አሉ። እትዬ ቦሰና ወጥ ይዘው ገብተው ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ከዚያን ሰሞን ጀምሮ እትዬ ቦሰና ተለወጡ። ጉንጬን መቆንጠጡን ተዉት። ሥጋ ከየት እንደሚያገኙ እንጃ፣ ለብቻዬ ቋንጣ ይደብቁልኝ ጀመር። ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የሚያባብሉኝ እያልኩ እጠራጠር ነበር።

በሐምሌ የተገለጠውን ግን ወደድኩት። ሰማያዊ ውኃ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ጥላ በጥላ ሆኗል።

"ምን ይታያል?"

"ጥላ አባባ። ብዙ ጥላ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ባለ መስመር። ሰዎቹ ልብሳቸውን አውልቀው ውኃ ውስጥ ገብተዋል።"

"ጥምቀት ነዋ።"

"በሐምሌ?"

"የበርናባስ አገር ሰዎች ናቸው። የሚያደርጉትን ያውቃሉ።"

"ታቦቱ ግን አይታይም።"

"ከጥላው ሥር ይሆናል።"

"ቄሶቹም የሉም። አንዳንዱ ሰው አሸዋው ላይ ተጋድሟል፤ ጠበል የመጡ በሽተኞች ናቸው መሰለኝ። እማዬም ትጠመቅ ይሆን?"

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታው ስለነበር ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግም ስል፣ "እሷስ ገብታለች" አሉ። "እሷ ከሁሉም ቀድማ ገብታለች።" ከዚያ ተነሥተው ያን አሮጌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዝናቡ ወጡ። ከጓሯችን ወዲያ በቆሎ ነበረን፣ ጦጣ ያስቸግር ነበር። ከበቆሎው ውስጥ ሲጮኹ ሰማኋቸው። ረጅም ጩኸት ነው፣ ቃል የለውም፣ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ጦጣ በዝናብ ከዛፍ እንደማይወርድ ማንም የመንደር ልጅ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ቢሆንም አያቴ ጦጣ ሲያባርሩ ነው የመሰለኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ ሥዕል በነገርኳቸው ቁጥር፣ ወጥተው ጦጣ ያባርሩ ነበር።

የነሐሴው ሥዕል ምሰሶዎች ናቸው፤ ግዙፍ፣ ነጫጭ የድንጋይ ምሰሶዎች፣ በተርታ የቆሙ። ጣሪያ የላቸውም። ፍርስራሽ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ያልተጨረሰ ቤት ነው አልኩ። ሰው አገር የሄዱ ሴቶች ቤት እንደሚያሠሩ አውቃለሁ፤ ከተማው ውስጥ እንዲህ እየተባለ በጣት የሚጠቆም ቤት አለ። ስለዚህ የእኛው ቤት መሆን አለበት። ወንዝ ወርጄ ለጓደኞቼ እናቴ የድንጋይ ቤት እያሠራች ነው፣ ምሰሶው ቆሟል፣ የቀረው ቆርቆሮው ነው ብዬ አወራሁ። ልጆቹ አልሳቁብኝም፣ አላመኑኝምም። ልብሳቸውን ማጠብ ቀጠሉ። ለካ እነሱም ከእናቶቻቸው ሰምተው፣ እንዳይነግሩኝ በእመቤታችን ስም ተገዝተው ነበር። አንድ መንደር ሙሉ፣ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን፣ በእኔ ዙሪያ አፉን ዘግቶ ከረመ።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው የተጠነቀቀለት ነገር የፈረሰው በጳጉሜን ነው።

የጳጉሜን የመጀመሪያዋ ቀን ጠዋት ተነሥቼ እንደ ልማዴ ወደ ቀን መቁጠሪያው ሄድኩ። ወር ጠብቷል። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ቀጥሎ ያለው ገጽ የመስከረም ነው። የመስከረሙ ደግሞ እናቴ መጥታ የምታሳየኝ ነው፣ ገና ነው። የነሐሴው አልቋል። በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ገጹን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ሁለት ተጣብቀው እንደሆነ ብዬ። አልተጣበቁም።

አያቴ ደጅ ላይ ዶማ ይስላሉ።

"አባባ፣ ጳጉሜን የለችም።"

"የት?"

"ቀን መቁጠሪያው ላይ። ገጽ የላትም።"

"የፈረንጅ ነው ልጄ። ፈረንጅ ጳጉሜንን አያውቃትም፤ ከነሐሴ ዘሎ መስከረም ይገባል።"

"ታዲያ እማዬ በጳጉሜን የት ናት?"

ዶማው መሳሉን አቆመ። እኔ የምጠይቀው ከልቤ ነው። ጥያቄው እንደሚያስጨንቅ አላወቅኩም። "ከምሰሶዎቹ ቤት ወጥታለች፣ ወሩ አልቋላ። እዚህም አልደረሰችም። የት ነው የምታድረው?" አልኳቸው። "ጋቢዋን ይዛ ነው የወጣችው?"

አያቴ አፋቸውን ከፈቱ፣ የሚመልሱልኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ስለ ግንቡ መልሰውልኛል፣ ስለ ጥላው መልሰውልኛል። ለጳጉሜን ግን ያዘጋጁት ቦታ አልነበረም። ዶማውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እዚያው አፈሩ ላይ። እትዬ ቦሰና ከአጥሩ ማዶ ሆነው ይሰሙ ኖሯል።

"ቦሰና" አሏቸው አያቴ ሳይዞሩ። "ይችን ወር ረስተናታል። ሙላትን አስጠሪልኝ። በቃኝ።"

ያንን ቀንና ማግስቱን የዋልኩት ስጠብቅ ነው። ሰዎች ይመጣሉ፣ አያቴን ያነጋግራሉ፣ እኔን እያዩ ይሄዳሉ። ሩፋኤል ደረሰ። የሩፋኤል ለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጅ ሁሉ ልብሱን አውልቆ በደጅ ይጠመቃል። ለዚያ ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ግቢው ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ የብዙ ሰው ኮቴ፣ ንግግር ግን የለም። በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ። ጨለማው ገና አልለቀቀም። ሰዎች ነጭ በነጭ ሆነው በአጥሩ ዙሪያ ቆመዋል። ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፤ ጋቢ ለብሳለች። ጋቢው ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

ያንን ጥለት አውቀዋለሁ። አጣጥፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

"እማዬ!" ብዬ ሮጥኩ። ከኋላዋ ወገቧን አቀፍኳት፣ ፊቴን ጋቢው ውስጥ ቀበርኩ። የማላውቀው ሳሙና ይሸታል፣ ከሥሩ ግን የአያቴ ሳጥን አለ። ለእንቁጣጣሽ ነበር ያለችው፤ ቀደም ብላ መጣች አልኩ በሆዴ። ጳጉሜን የት እንደምታድር አሁን ገባኝ። ሴትዮዋ አልዞረችም። "ዙሪ እንጂ፣ እማዬ፣ ዙሪ" አልኳት።

ስትዞር እናቴ አይደለችም። እዚያው ቆጵሮስ ከእናቴ ጋር የነበረች የቡሬ ልጅ ናት፣ ሰናይት ትባላለች። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ የእትዬ ቦሰና ድምፅ ተነሣ። ያንን ድምፅ ከሌላ ሰው ቤት አውቀዋለሁ። ሙሾ ሲጀምሩ የሚያወጡት የመጀመሪያው ድምፅ ነው። መርዶ የነገረኝ ሌላ ሰው የለም። "እናትሽ ሞታለች" ያለኝ አንድም ሰው ሳይኖር፣ ሁሉም ነገር ገባኝ።

አያቴ ደግሞ ጮኹ። ጦጣ የሚያባርሩበት ጩኸት ነበር።

በእኛ አገር አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ነገር ይያዛል፤ ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ፎቶው ከፍ ብሎ እየታየ ይለቀስበታል። የእናቴ ፎቶ አልነበረንም። አያቴ ወደ ቤት ገብተው የቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ አወረዱትና ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ይዘው ወጡ። ጣሪያ የሌላቸው ነጫጭ ምሰሶዎች ከሽማግሌው ራስ በላይ ለቅሶው መካከል ሲዞሩ አየሁ። ዝናቡ ጀመረ። ከአጥሩ ማዶ ልጆች "ሩፋኤል! ሩፋኤል!" እያሉ በዝናቡ ይጠመቃሉ። አያቴ ግን እጃቸውን አላወረዱም። ጋሼ ሙላት ሊቀበላቸው ሲል ገፉት።

ሰናይት መካከል ገብታ ያየችውን ተናገረች። እናቴ ተራራ አልወጣችም። ግንብም፣ ደረጃም፣ ሮዝ ወፍም አላየችም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው፤ ቆሻሻ ለመድፋት ካልሆነ ከቤት አትወጣም። መስኮት ስታጸዳ ወደቀች፣ በግንቦት። እዚያው ተቀበረች። ሰናይት ከላይኛው ፎቅ ስለምትሠራ በደረጃው እየወረደች ታያት ነበር።

እትዬ ቦሰና ይህን ሰምተው ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ አወረዱ፦

አየሽ ሲሉን ከርመው የባሕሩን ዳርቻ፣
አንቺ ያየሽውስ ወጥ ቤቱን ብቻ።

ሕዝቡ ተቀብሎ አነባ። ሰናይት ግን ወደ እኔ መጥታ ተንበረከከች። ጋቢውን ከትከሻዋ አውጥታ አለበሰችኝ። ከዚያ ወደ አያቴ እጅ፣ ወደሚያንጠባጥበው ወረቀት አመለከተች።

"ይኸው ራሱ ወጥ ቤቷ ውስጥ ነበራት" አለችኝ። "ሁለት ሰጥተዋት አንዱን ላንቺ ላከችው። ወር ሲገባ ትገልጠውና ትጠራኛለች። 'ነይ እዪ ሰናይት፣ ማንጤ አሁን ይቺን እያየች ነው' ትለኛለች። ከዚያ ቆማ ታየዋለች። እቃዋን ልሰበስብ ስገባ የግንቦቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ እኔም አልነካሁትም።"

ለቅሶው አለፈ። እንቁጣጣሽም መጣና ሄደ፤ አበባ ይዤ አልዞርኩም። የቀን መቁጠሪያው ረጥቦ አንድ ላይ ተጣብቆ ነበር። አያቴ ጥግ አስቀምጠውት ከረመ። ኅዳር ሲገባና በርበሬው ሲለቀም፣ ግማሹ ያ እኔ መልሼ የተከልኩት ነበር፣ ሰሌን ላይ አሰጣነው። አያቴ የቀን መቁጠሪያውን አምጥተው ከበርበሬው መካከል ቦታ ከፍተው አኖሩት። ቀኑን ሙሉ ሁለቱንም እያገላበጡ ዋሉ። ፀሐይና በርበሬ አንድ ላይ ሆነው ወረቀቱን አደረቁት፤ ገጾቹ ግን እንደ ተጣበቁ ቀሩ።

"ሙላት በቢላዋ ቀስ ብሎ ሊለያያቸው ይችላል" አሉኝ አያቴ። "የመስከረሙን ልታይው ትፈልጊያለሽ?"

"አይ" አልኳቸው። "እሷ ናት የምታሳየኝ።"

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆይቼ ግን አንሥቼ ወደ ፀሐይ ያዝኩት፣ እንዲሁ ከላይ፣ ሳልገልጠው። ብርሃኑ በወረቀቱ ውስጥ አለፈ። ከምሰሶዎቹ ኋላ፣ በመስከረሙ ገጽ ላይ፣ ሌላ ነገር አይለይም፤ ሰማያዊ ነገር ብቻ ነው ያለው።

"ምን ይታያል?" አሉኝ አያቴ።

ሰማይ ይሁን ባሕር አልለየሁትም። በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገብቷል።

"ገና ነው፣ አባባ" አልኳቸውና መልሼ ሰሌኑ ላይ አስተኛሁት።